ስስ ሲሊከን ሶላርን ማንም አልቀበረውም

ስለ ሶላር የሚያወራ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከተለመደው ሶላር በብዙ መቶ እጥፍ የሚቀጥን የሲሊከን ፓኔል አለ። በጥቂት ሲሊከን፣ ያለ ትልቅ ምድጃ፣ በትንሽ ወርክሾፕ ሳይቀር ሊሠራ ይችላል። በሙቀትም በደመናም ከተለመደው ይበልጣል። ግን ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገበያቸውን ስለሚያበላሽባቸው ቀበሩት። ጽሑፉ ከዚያ ዞር ይልና፣ ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው ፓኔል ካድሚየም የተባለ መርዝ ያለበትና በጥቂት ወራት ጉልበቱ የሚወርድ ማጭበርበሪያ ነው ይላል።

ጸሐፊው ሰው በርካሽ መብራት እንዲያገኝ ከልባቸው እንደሚፈልጉ ያስታውቃል። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። ሶላር የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ አጠራቅሞ ያቆየውን ገንዘብ ነው የሚያወጣው። ያንን ገንዘብ በተሳሳተ መረጃ ሲያወጣው ማየት ያሳዝናል።

ከአሠራሩ ልጀምር። ጽሑፉ ስስ ሲሊከን ማለት የተለመደው ሲሊከን ተፍቆ የቀጠነ እንደሆነ አድርጎ ያቀርባል። ይህ ስሕተት ነው፤ የተቀሩት ስሕተቶችም አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

የተለመደው ሶላር ከሲሊከን ግንድ ተሰንጥቆ የሚወጣ ነው። ንጹሕ ሲሊከን በ1,414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ከቅላጩ ውስጥ አንድ ወጥ ክሪስታል እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይሳባል። ያ ግንድ ሲቀዘቅዝ አልማዝ በተለበጠ ቀጭን ሽቦ ይሰነጠቃል። የሚወጣው ቅጠል ውፍረቱ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊሜትር ነው። ሽቦው ሲቆርጥ ብዙ ሲሊከን ብናኝ ሆኖ ይቀራል። ቅጠሉን ከዚህ በጣም አቅጥነው ለመሥራት ቢሞክሩ ደግሞ በእጅም በማሽንም እየተሰባበረ ያስቸግራል። በዚህ መንገድ አንድ ማይክሮን ላይ መድረስ አይታሰብም።

ስስ ሲሊከን የሚሠራው ከጋዝ ነው። ጋዙ ሲሌን ይባላል፤ አንድ የሲሊከን አቶም አራት የሃይድሮጅን አቶሞች ይዞ ማለት ነው። ታጥቦ የጸዳ ትልቅ መስታወት አየሩ ተመጥጦ ወደ ወጣ ክፍል ይገባል። 200 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይሞቃል። ከዚያ ሲሌኑ በጣም በትንሽ ግፊት ይለቀቃል፤ በሁለት የብረት ሳህኖች መካከልም በሰከንድ 13.56 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ኤሌክትሪክ ይሰደዳል። ጋዙ ማብራት ይጀምራል፣ ፕላዝማ ይሆናል። በፕላዝማው ውስጥ የሚሯሯጡ ኤሌክትሮኖች ሲሌኑን ይሰባብሩታል። ስብርባሪው መስታወቱ ላይ እያረፈ ይገነባል። በጭስ ቤት ጣሪያ ላይ ጥላሸት ከጭሱ እየተለየ እንደሚለጠፈው ነው፤ ግን እዚህ የሚለጠፈው በናኖሜትር እየተለካ ነው። በሰከንድ የሚያድገው ከአንድ ናኖሜትር በታች ነው። ናኖሜትር ደግሞ የማይክሮን አንድ ሺህኛ ነው።

ቅደም ተከተሉም ያምራል። ሲሊከኑ ከመምጣቱ በፊት መስታወቱ ብርሃን የሚያሳልፍና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ይቀባል፤ ብዙውን ጊዜ ፍሎሪን የተቀላቀለበት የቆርቆሮ ኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ሽፋኑ ሆን ተብሎ ሸካራ ይደረጋል፤ ምክንያቱን ኋላ እናየዋለን። ሌዘር ይህን ሽፋን በቀጫጭን መስመሮች ይቆራርጠዋል። ከዚያ ሦስት የሲሊከን ንብርብሮች በተከታታይ ይመጣሉ። መጀመሪያ ቦሮን የገባበት 10 ናኖሜትር ገደማ የሆነ፣ ቀጥሎ ምንም ያልተቀላቀለበት 300 ናኖሜትር አካባቢ፣ መጨረሻ ላይ ፎስፈረስ ያለበት 20 ናኖሜትር ገደማ። ሌዘሩ እንደገና ይቆርጣል። በጀርባው ብረት ይለበጣል፤ ሌዘሩ ለሦስተኛ ጊዜ ያልፋል። በሦስቱ ቁርጦች መስታወቱ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ረጃጅም ሴሎች ይከፈላል፤ ሴሎቹም እዚያው በተከታታይ ተያይዘው ይገኛሉ። ሴል ለቅሞ በሽቦ መበየድ የለም። ለእኔ የዚህ ቴክኖሎጂ ትልቁ ውበት ይሄ ነው። ፋብሪካው ሴል ሠርቶ ፓኔል አይገጣጥምም፤ ከመጀመሪያው የሚሠራው ፓኔሉን ራሱን ነው።

ያለ ምድጃ፣ በትንሽ ወርክሾፕ ይሠራል የተባለው እንግዲህ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከ200 ዲግሪው ነው። ግን 200 ዲግሪ የመስታወቱ ሙቀት ነው። ሲሌኑ ራሱ የሚወጣው ከሲሊከን ነው፤ ሲሊከኑም ከኳርትዝ ድንጋይ በከባድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከከሰል ጋር ተቃጥሎ ነው የሚገኘው። ምድጃው ሌላ ፋብሪካ ውስጥ ስላለ ነው የማይታየው። ሲሌን ደግሞ አየር ሲነካው ክብሪት ሳይጫርበት በራሱ የሚነድ ጋዝ ነው። ፎስፈረሱን የሚያመጣው ፎስፊን በጥቂቱም ገዳይ ነው። እነዚህን ጋዞች ያለ ሠለጠነ ሰው፣ ያለ ጋዝ ጠቋሚና ያለ ትክክለኛ የማስወገጃ መሣሪያ መንካት ሕይወት ያስከፍላል። ጽሑፉን ያነበበ ወጣት እንዳይሞክረው አጥብቄ እለምናለሁ።

ቀጥሎ ጽሑፉ፣ ሁለቱም ሲሊከን ስለሆኑ ከውፍረታቸው በቀር ሥራቸው አንድ ነው ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነውና።

በክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱ የሲሊከን አቶም ከአራት ጎረቤቶች ጋር በእኩል ርቀትና በእኩል ማዕዘን ይያያዛል፤ ሥርዓቱም ከዳር እስከ ዳር አይዛነፍም። በ200 ዲግሪ ከጋዝ የሚያርፉት አቶሞች ግን ትክክለኛ ቦታቸውን ሳያገኙ እዚያው ይደርቃሉ። አራት ጎረቤት ለማግኘት ይጥራሉ፤ ርቀቱና ማዕዘኑ ግን ትንሽ ትንሽ ይጣመማል። ጥቂት አቶሞች ካለፉ በኋላ ሥርዓቱ ይጠፋል። ይህ ዓይነቱ አሞርፈስ ሲሊከን ይባላል። አንዳንዱ አቶም ደግሞ አራተኛ ጎረቤት ያጣል። ያ ባዶ የቀረ ማያያዣ በአጠገቡ የሚያልፈውን ኤሌክትሮን ይዞ ያስቀራል። ንጹሕ አሞርፈስ ሲሊከን እንዲህ ያሉ ወጥመዶች ስለሚበዙበት ለሶላር አይረባም።

ያዳነው ሃይድሮጅን ነው። ሲሌኑ ሲሰበር ሃይድሮጅኑ ሁሉ አይሸሽም። የተወሰነው በንብርብሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከአቶሞቹ 10 በመቶ ገደማ ይሆናል። ባዶ የቀሩትን ማያያዣዎች እየያዘ ይዘጋቸዋል። ይህን ቁስ ከሲሌን ፕላዝማ መሥራት እንደሚቻል በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳዩት በእንግሊዝ አገር ሃርሎ በሚገኝ የስልክ ኩባንያ ላቦራቶሪ የነበሩት ቺቲክና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1975 ዋልተር ስፒርና ፒተር ለኮምበር በስኮትላንድ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ቦሮንና ፎስፈረስ እየቀላቀሉ የኤሌክትሪክ ጠባዩን እንደፈለጉ መቀየር ቻሉ። በዓመቱ፣ በ1976፣ ዴቪድ ካርልሰንና ክሪስቶፈር ሮንስኪ በአሜሪካው የራዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ አር.ሲ.ኤ. ላቦራቶሪ፣ ፕሪንስተን ውስጥ፣ የመጀመሪያውን አሞርፈስ የሲሊከን ሶላር ሴል ይፋ አደረጉ። ከሚያርፍበት ብርሃን 2.4 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይር ነበር።

አሁን ወደ ስስነቱ እንምጣ። በክሪስታል ሲሊከን ውስጥ ብርሃን ኤሌክትሮንን ሲያነሳ ኃይሉ ብቻ መመጣጠኑ አይበቃም፤ ሞመንተሙም፣ ማለትም የእንቅስቃሴው መጠን፣ መመጣጠን አለበት። ለዚህ የአቶሞቹ ንዝረት በዚያው ቅጽበት ማገዝ ይኖርበታል። ሁለቱ የሚገጥሙበት ዕድል ትንሽ ስለሆነ ብርሃኑ ሳይያዝ ሩቅ ይጓዛል። መቶ ማይክሮንና ከዚያ በላይ ውፍረት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሥርዓቱ በፈረሰበት አሞርፈስ ውስጥ ግን ያ የሞመንተም ሕግ ይላላል። ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ከክሪስታሉ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ የማይክሮን ሲሶ ይበቃዋል። ቁሱን ስስ እንዲሆን ያስቻለው የአቶሞቹ ሥርዓት መፍረስ ነው ማለት ነው።

ይኸው ሥርዓት መፍረስ ዋጋ ያስከፍላል። የብርሃን ቅንጣት ኃይል የሚለካው በኤሌክትሮን ቮልት ነው። ክሪስታሉ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልትና ከዚያ በላይ ያለውን ብርሃን መጠቀም ይችላል፤ እስከ 1,100 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ድረስ ማለት ነው። አሞርፈሱ 1.7 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። ከ730 ናኖሜትር ወዲያ ያለው፣ ከቀዩ ጫፍ ጀምሮ ዓይናችን እስከማያየው ድረስ ያለው የፀሐይ ብርሃን፣ ለእሱ የለም ማለት ይቻላል። ሌላም አለ። በክሪስታል ውስጥ የተነሳ ኤሌክትሮን ወደ መውጫው ሳይጠፋ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮን መንከራተት ይችላል። በአሞርፈስ ውስጥ እንዲህ አይሆንም። በተለይ ሆል የሚባለው፣ ኤሌክትሮኑ ለቆት የሄደው ክፍት ቦታ፣ በጣም ዝግ ብሎ ነው የሚጓዘው። ቦሮን ወይም ፎስፈረስ በገባበት ንብርብር ውስጥማ ወዲያው ይጠፋል።

ለዚህ ነው ንብርብሩ ሦስት የሆነው። ብርሃኑን የሚይዘው መካከለኛው፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ነው። በላይና በታች ያሉት ሁለቱ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራሉ፤ መስኩ በመካከለኛው ንብርብር ላይ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። ኤሌክትሮኑ ወደ ፎስፈረሱ ወገን፣ ሆሉ ወደ ቦሮኑ ወገን ይጎተታል። ብርሃኑ የሚገባው ደግሞ ሁልጊዜ በቦሮኑ በኩል ነው፣ ዝግተኛው ሆል አጭሩን መንገድ እንዲያገኝ። መካከለኛውን ወፈር ቢያደርጉት መስኩ ይደክማል፤ መጎተቱም ያቅተዋል። ስለዚህ ስስነቱ ግዴታም ነው። ጸሐፊው እንደ ምርጫ ያዩት ነገር የቁሱ ገደብ ነው። የፊቱ ሽፋን ሸካራ የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ ብርሃኑ ተበትኖ ጎን ለጎን እንዲሄድ፣ ከጀርባው ብረት ላይም ተመልሶ በዚያች ስስ ንብርብር ውስጥ ደጋግሞ እንዲያልፍ።

በጥቂት ወራት ጉልበቱ ይወርዳል ወደተባለው ልለፍ። ይህ እውነት ነው። ማጭበርበሪያ ነው መባሉ ግን ትክክል አይደለም፤ ቢያንስ ሁልጊዜ አይደለም።

በ1977 ዴቪድ ስቴብለርና ያው ክሪስቶፈር ሮንስኪ አሞርፈስ ሲሊከንን ለብዙ ሰዓት ብርሃን ላይ ሲያቆዩት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ እንደሚቀንስ አዩ። 150 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ሲያቆዩት ደግሞ ተመልሶ ዳነ። ክስተቱ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። ብርሃን የፈጠራቸው ኤሌክትሮንና ሆል ተመልሰው ሲገናኙ ኃይል ይለቃሉ። ያ ኃይል በተጣመመው መዋቅር ውስጥ ያሉትን ደካማ ማያያዣዎች ይበጥሳል፤ አዳዲስ ወጥመዶች ይፈጠራሉ። እንደገና የአቶሞቹ ሥርዓት አለመኖር ነው ምክንያቱ። ፓኔሉ ፀሐይ ላይ በቆየ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። ከዚያ ይረጋጋል። በሞቃት ወራት ትንሽ ያገግማል፤ በቀዝቃዛው መልሶ ትንሽ ይወርዳል።

ታማኝ አምራች ይህን ስለሚያውቅ ፓኔሉ ጀርባ ላይ የሚጽፈው ከወረደ በኋላ የሚረጋጋበትን ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ደረጃ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን፣ የአይ.ኢ.ሲ.፣ መስፈርትም ስስ ፓኔል ብርሃን ጠጥቶ ከተረጋጋ በኋላ እንዲለካ ያዝዛል። እንዲህ ያለ ፓኔል አዲስ ሲሆን ከተጻፈው በላይ ይሰጣል። ያልታመነው ሻጭ የመጀመሪያውን ቁጥር ይጽፋል፤ ገዢው ይከስራል።

ይህ በቅርባችን የደረሰ ነገር ነው። በ1990ዎቹ በኬንያ ገጠር ለቤት የሚሸጡት ትንንሽ ሶላሮች ብዙዎቹ 12 ዋት ገደማ የሆኑ አሞርፈስ ፓኔሎች ነበሩ። ሰዉ ያለ መንግሥት ድጎማ፣ ከኪሱ ነበር የሚገዛቸው፤ ለራዲዮ፣ ለትንሽ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን፣ ለአንድ ሁለት አምፖል። በሥራ ላይ ያሉ ፓኔሎች ሲለኩ የታየው አንድ ወጥ ውጤት አልነበረም። አንዳንዱ አምራች የጻፈውን ያህል ይሰጥ ነበር፤ የሌላው ፓኔል ግን ከተጻፈበት እጅግ ያንስ ነበር። ቴክኖሎጂው ተመሳሳይ ነው፤ የለየያቸው የአምራቹ ጥራትና የተጻፈው ቁጥር ነው። ዕቃውን በጅምላ ማጭበርበሪያ ማለት በሐቅ የሠራውንና ያታለለውን አንድ ላይ መክሰስ ነው። ገዢውንም አይረዳውም።

ስለ ካድሚየሙ ብዙ አልልም። ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለዋል። ካድሚየም ያለበት ስስ ፓኔል አለ፤ ካድሚየም ቴሉራይድ ይባላል፣ ትልቁ አምራቹም የአሜሪካው ፈርስት ሶላር ነው። ሲሊከን አይደለም። በስስ ሲሊከን ውስጥ ካድሚየም የለም። ስለ አካባቢ ጉዳት ካነሳን መነሳት ያለበት ሌላ ነው። የፕላዝማ ክፍሎቹን ለማጽዳት ናይትሮጅን ትራይፍሎራይድ የሚባል ጋዝ ይውላል። ወደ ሰማይ ካመለጠ፣ በመቶ ዓመት ሲታሰብ፣ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ16,000 እጥፍ በላይ ይከፋል። ደህና ፋብሪካ ሳይለቀው ያቃጥለዋል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ለአምራቹ ነው፤ ፓኔሉን ጣሪያው ላይ የሰቀለ ሰው የሚያሰጋው ነገር የለም።

በሙቀት ይበልጣል የሚለው ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሶላር ሲሞቅ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክሪስታሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል፤ አዳዲሶቹ ከዚህ ትንሽ ይሻላሉ። አሞርፈሱ የሚያጣው 0.2 በመቶ አካባቢ ነው። እስቲ ሁለቱን ቆላ ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እናስቀምጣቸው። ሴሎቹ 65 ዲግሪ ደረሱ እንበል። ክሪስታሉ 16 በመቶ፣ አሞርፈሱ 8 በመቶ ያጣሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ነገር ግን መነሻቸውን እንይ። 20 በመቶ የሚቀይረው ክሪስታል ወደ 17 በመቶ ገደማ ይወርዳል። 7 በመቶ የሚቀይረው አሞርፈስ ከ6 በመቶ ትንሽ በላይ ላይ ይቆማል። ከአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ የሚገኘው ኤሌክትሪክ አሁንም ከሁለት እጥፍ በላይ ይለያያል። እኩል ዋት የተጻፈባቸውን ሁለት ፓኔሎች ካነጻጸርን ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ በሞቃት ቦታ አሞርፈሱ በዓመት ትንሽ የበለጠ ያመርታል።

የደመናው ነገር ከዚህ የተለየ ነው። አሞርፈስ ሲሊከን በደካማ ብርሃን፣ በተለይ በቤት ውስጥ አምፖል ጥሩ ይሠራል፤ ለዓይን የሚታየው የአምፖሉ ብርሃን በሙሉ ማለት ይቻላል እሱ በሚይዘው ክልል ውስጥ ነው። የጃፓኑ ሳንዮ በ1980 አሞርፈስ ሴል ያለው ካልኩሌተር ለገበያ ያቀረበውም ይህን ዐውቆ ነው። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የያዝነው ካልኩሌተር ላይ ያለችው ቡናማ ቁራጭ እሷ ናት። ከዚህ ተነስቶ በደመና ቀን የክሪስታሉን እጥፍ ያመርታል ማለት ግን አይቻልም። ደመናው ብርሃኑን ወስዶታል። ያልመጣ ብርሃን በየትኛውም ፓኔል ኤሌክትሪክ አይሆንም።

ወደ ዋናው ክስ ደረስን፤ ኩባንያዎች ቀበሩት ወደሚለው። ጽሑፉ የሚያስበው እንዲህ ነው፤ ሲሊከኑ በብዙ መቶ እጥፍ ካነሰ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ ነበረበት፣ ካልወረደ አንድ የደበቀው አለ። የፓኔል ዋጋ ግን ሲሊከን ብቻ አይደለም። መስታወት አለ፣ ፕላስቲክ አለ፣ የሚያስተላልፈው ሽፋን አለ፣ ገመድ፣ ማጓጓዣ፣ ማሰሪያ ብረት፣ የሠራተኛ ዋጋ አለ። እነዚህ የሚጨምሩት በስፋት ነው። አንድ ኪሎዋት ለማግኘት 7 በመቶ በሚቀይር ፓኔል 14 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። 21 በመቶ በሚቀይር 5 ካሬ ሜትር አይሞላም። በሲሊከኑ የተረፈው በመስታወቱና በብረቱ ይሄዳል።

ደግሞም ይህን ቴክኖሎጂ ለመግፋት የወጣው ገንዘብ ብዙ ነው። በ2008 የንጹሕ ሲሊከን እጥረት ነበረ፤ ዋጋው በነጻ ገበያ በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ያኔ ሲሊከን የማይፈጅ ሶላር ሕልም ሆነ። የኮምፒውተር ቺፕ ማሽን የሚሠራው የአሜሪካው አፕላይድ ማቴሪያልስ ሰንፋብ የሚባል ሙሉ ፋብሪካ መሸጥ ጀመረ፤ አንዱ መስታወት 5.7 ካሬ ሜትር ነበር። የስዊዘርላንዱ ኦርሊከን ሶላር የራሱን የፋብሪካ መሣሪያ ሸጠ። ጃፓን ውስጥ ሻርፕና ካኔካ አመረቱ። አሜሪካ ውስጥ የስታንፎርድ ኦቭሺንስኪ ኩባንያ ሲሊከኑን በሚታጠፍ የብረት ጥቅል ላይ ሦስት ሴል በአንድ ላይ ደርቦ ያትም ነበር። መቅበር የሚፈልግ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ሳይንቲስቶቹም አልተኙም። የስዊዘርላንዱ ኑሻቴል ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ አርቪንድ ሻህና ዮሐንስ ማየር ያሉበት፣ ሲሌኑን በብዙ ሃይድሮጅን በማቅጠን ጥቃቅን ክሪስታሎች ያሉበት ሲሊከን በዝቅተኛ ሙቀት አሳደገ። ይህ ማይክሮክሪስታላይን የሚባለው አሞርፈሱ የማይዘውን ቀይና ከቀይ ወዲያ ያለውን ብርሃን ይይዛል። በ1994 ሁለቱን ደራርበው አሳዩ፤ ላይኛው አሞርፈስ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይወስዳል፣ ታችኛው የተረፈውን። ላይኛው በጣም ስስ ስለሚሆን የስቴብለርና ሮንስኪ ጉዳትም ይቀንሳል። በእኔ እምነት በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ ብልሁ ሥራ ይህ ነው። የጃፓን ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ኋላ ሦስት ንብርብር ደርቦ፣ ጉልበቱ ከወረደ በኋላ፣ 14 በመቶ ደረሰ። የሪከርዱ ጣሪያ ይሄ ነው። ክሪስታሉ በዚያው ጊዜ ከ25 በመቶ በላይ ነበር።

ከዚያ የሲሊከኑ ዋጋ ወደቀ። አዳዲስ ፋብሪካዎች ተከፈቱ፣ በ2012 መጨረሻ ኪሎው ከ20 ዶላር በታች ሆነ። ክሪስታል ሠሪዎቹም ቅጠሉን እያሳሱ፣ የሽቦውን ብክነት እየቀነሱ፣ በዋት ከ16 ግራም አካባቢ የነበረውን የሲሊከን ፍጆታ ወደ 2 ግራም ገደማ አወረዱት። የስስ ሲሊከን ትልቁ ብልጫ ትርጉም አጣ። አፕላይድ ማቴሪያልስ ሰንፋብን በ2010 አቆመ። የኦቭሺንስኪ ኩባንያ በ2012 ከሰረ። ኦርሊከን ሶላርን በዚያው ዓመት የገዛው ቶክዮ ኤሌክትሮን በ2014 ከዘርፉ ወጣ። እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ያፈሰሱበትን ነገር ለማዳን ታግለዋል። ሴራ የሚለው ቃል ልፋታቸውን ይሰርዘዋል፤ እኔን ከጽሑፉ ሁሉ በላይ ያስቆጨኝ ይህ ነው።

ቴክኖሎጂው ደግሞ አልሞተም። ሳንዮ በ1990ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ። የክሪስታል ሴል ትልቁ ድክመት ገጹ ላይ ነው፤ ክሪስታሉ የሚያልቅበት ቦታ ባዶ ማያያዣዎች ይበዛሉ። ሃይድሮጅን ያለበት አሞርፈስ ሲሊከን በዚያ ገጽ ላይ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ብቻ ቢለበጥ ባዶዎቹን ማያያዣዎች ይዘጋል። ሄትሮጀንክሽን የሚባለው ሴል እንዲህ ተወለደ፤ በ1997 ለገበያ ቀረበ። የሚለበጠው በዚያው በሲሌን ፕላዝማ፣ በዚያው 200 ዲግሪ ነው። ስስ ፓኔል ይሠራ የነበረው ካኔካ በ2017 በዚህ መንገድ 26.7 በመቶ ደረሰ። ዛሬ ሪከርዱ ከ27 በመቶ በላይ ነው። ብቻውን 10 በመቶ አካባቢ የቆመው ቁስ ከክሪስታሉ ጋር ሲጣመር የሪከርዱ ባለቤት ሆነ።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የሚታጠፍ ፓኔል ገበያ ላይ ካገኛችሁ ያ የተቀበረው ቴክኖሎጂ ነውና ሳታመነቱ ግዙ ይላል። እባካችሁ አመንቱ። ዛሬ የሚታጠፍ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ተራ ክሪስታል ሴል በመስታወት ፋንታ በፕላስቲክ የታሸገ ነው። ለይቶ ማወቅ ከባድ አይደለም። ክሪስታሉ ከሆነ አራት ማዕዘን ሴሎች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ በላያቸውም የብር ቀለም ያላቸው ቀጫጭን ሽቦዎች ያልፋሉ። ሲጠማዘዝ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ ከውጭ አይታይም፣ ጉልበቱ ግን ይወርዳል። አሞርፈስ ሲሊከን ወጥ የሆነ ጥቁር ቡናማ ወይም ቀላ ያለ መልክ አለው፤ ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱ ጸጉር የሚያክሉ የሌዘር መስመሮች በእኩል ርቀት ይታዩበታል። ብዙውን ጊዜም በሁለት መስታወት መካከል ነው፣ ከባድ ነው፣ አይታጠፍም። ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፤ የተጻፈው ዋት ከተረጋጋ በኋላ የተለካ ነው ወይ፣ የፓኔሉ ስፋትስ ስንት ካሬ ሜትር ነው። ዋቱን ለካሬ ሜትሩ አካፍሉት። 60 ወይም 70 ከመጣ አሞርፈስ ነው፤ ጣሪያችሁ ሰፊ ከሆነና ዋጋው በጣም ከቀነሰ ብቻ ያዋጣል። 200 አካባቢ ከመጣ ክሪስታል ነው፣ ሻጩ የፈለገውን ስም ቢሰጠውም።